ማውጫው የቀረበት ጥቅል

የደም ባንኩ ድረ ገጽ ከጠዋት ጀምሮ አልከፈት ብሏል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በቀዶ ሕክምና ለምትወልደው እናት የሚስማማ ደም የት እንዳለ የሚያሳየው ይኸው ገጽ ብቻ ነበር። ፕሮግራመሯ ልቧ ተሰቅሎ ስክሪኑን አነበበች፤ «የታግ ላይብረሪው አልተገኘም» ይላል፤ ገጹ የሚገነባባቸው «ታግ» የተባሉ ትእዛዞች ስብስብ ጠፍቷል ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ላይብረሪው እኮ አለ! ትናንት በእጄ ነው የከተትኩት።»

«መኖሩስ ይኑር፤ እንዴት ከተትሽው?» አሉ አለቃዋ።

«ጃር የተባሉትን የታሸጉ ፋይሎች ሁሉ ፈትቼ አንድ ጥቅል አደረግኋቸው። ለመጫን እንዲቀል ብዬ።»

«ወይ ልጄ! ቤቱን ስታጸጂ ቁልፉንም አብረሽ ጠረግሽዋ!»

ነገሩ ገባት። ገጹን አዘጋጅቶ የሚያቀርበው፣ በፕሮግራሙ ውስጥ የተከተተው የጃቫ ሰርቨር ታጎቹን የሚያውቃቸው በጃሩ ውስጥ ባለች ትንሽ የማውጫ ፋይል ነው፤ እርሷም ስትጠቀልል ያችኑ አስቀርታታለች። ጃሩን እንደ ነበረ መልሳ፣ ሰርቨሩ ይፈትሸው ዘንድ ጃሩ ያለበትን ቦታ ጻፈችለትና እንደገና አስነሣችው።

ስልኩ ጮኸ። «እኅቴ፣ ደሙስ?» አለች ከቀዶ ሕክምናው ክፍል የደወለች ነርስ።

ገጹ ተከፈተ። «ሦስተኛው ማቀዝቀዣ፣ ሁለት ከረጢት» ብላ ፕሮግራመሯ አነበበችላት። ስልኩን ስትዘጋ አለቃዋ ወንበር አቀረቡላት። እስከዚያች ደቂቃ ቆማ መሥራቷን ያወቀችው ያኔ ነው።