የመብረቅ ዝምታ

መብረቅን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ እንግዳ ስሙን ሲሰማ መሳቁ አይቀርም ነበር፤ አይፈረድበትም። ከአናጺው ደጃፍ ተነስቶ ፀሐይ ያለችበት ለመድረስ የኋላ እግሮቹን እየጎተተ ግማሽ ረፋድ የሚፈጅ ውሻ መብረቅ ሲባል ማን አይስቅም? ስሙ የወጣለት ግን በደጉ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ጋሽ ወልደሰንበት አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠሩባት የኮልፌ ግቢ በልጅ የተሞላች ነበረች። ዛሬ ቦታዋን የብሎኬት መጋዘን ወስዶታል፤ የሚያስታውሳት ግን ሞልቷል። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እዚያው የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ተዘርግቶ ይቀልዳል፣ መዶሻ ይደብቅባቸዋል። ጋሽ ወልደሰንበት «ጥፉልኝ ከዚህ» ይላሉ እንጂ፣ ልጆቹ የቀሩ ቀን በር በሩን የሚያዩት እሳቸው ናቸው።

ከሁሉም የሚብሰው የጎረቤታቸው የአስካለማርያም ልጅ አምሐ ነበር። የጋሽ ወልደሰንበትን ውሻ መብረቅ ያለው እሱ ነው። አውቶቡስ ከፌርማታው ሲነሳ «በለው» ይለዋል፤ ውሻውም እስከ ቀራንዮ መታጠፊያ ጎን ለጎን ይከንፋል፤ ተሳፋሪው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያጨበጭባል። አንድ ቀን ግን ከአውቶቡሱ ኋላ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና መጣበትና ዳሌውን ሰበረው። አምሐ ያንን የሚያህል ውሻ ተሸክሞ፣ እንደ ሕፃን እያለቀሰ ገባ። አጥንቱ እንደ ነገሩ ገጠመ፤ ሕመሙ ግን እዚያው ቀረ።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርናው ነገር መጣ። ልጆቹ አንድ በአንድ ሄዱ፤ አምሐም ወደ ሰሜን ዘመተ። ግቢዋ ጭር አለች። ጋሽ ወልደሰንበት መዶሻቸውን ካስቀመጡበት ያገኙት ጀመር።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ብርዱ ሲከፋ መብረቅ ማላዘን ጀመረ። ሲመሻሽ አንገቱን ወደ ሰማይ ይቀስርና ይለቀዋል፤ አያድርስ ነው። ውሻ ቢጮኽ ሌባ አይቶ ነው ይባላል፤ ውሻ ሲያላዝን ግን ሰው ሊሞት ነው፤ ይህን የማታውቅ የኮልፌ እናት የለችም። ልጇን ጦር ሜዳ የላከች ደግሞ ያንን ድምፅ እየሰማች በምን አንጀቷ ትተኛለች?

አስካለማርያም ነጠላዋን አጣፍታ መጣች።

«ጋሽ ወልደሰንበት፣ ውሻዎ እያሟረተብን ነው።»

«አሞት ነው እንጂ ምን ሟርት አለው፣ አስካለ።»

«ለእርስዎ አሞት ነው። ለእኔ ልጄን እየጠራብኝ ነው። ወይ ዝም ያሰኙት፣ ወይ ለቀበሌ እናገራለሁ።»

ቀበሌ ማለት የተመረዘ ሥጋ ማለት ነው፤ ያኔ ውሻ የሚገደለው እንዲያ ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ በዚያ ቤት ከእሳቸው ጋር የሚተነፍስ መብረቅ ብቻ ነው። ተናደዱ፤ ግን እንዴት ይፍረዱባት? እናት ናት፤ ልጁን ደግሞ እሳቸውም ይወዱታል።

በማግስቱ ሳንሱሲ ወዳለው የከብት ክሊኒክ ወጥተው ዶክተር ዱሬቲን ይዘው መጡ። የከብት ሐኪም ናት፤ ገና ወጣት፣ ነገር የማታሳምር። የውሻውን ዳሌ ዳበሰች።

«ጋሼ፣ አጥንቱ ከዳነ ቆይቷል። ሕመም ሲሰነብት ግን ነርቭ ይለምደዋል፤ ቁስሉ ከሻረም በኋላ መጮኹን አይተውም። ኬታሚን የሚባል መድኃኒት አለ። በዛ ተደርጎ ሲሰጥ ለቀዶ ሕክምና ያስተኛል፤ በጥቂቱ ሲሰጥ ያንን የለመደ ሕመም ያበርደዋል ይባላል።»

«ይባላል?»

«እኔ ለዚህ ሞክሬው አላውቅም። አላታልልዎትም።»

ጋሽ ወልደሰንበት ወደ አስካለማርያም አዩ። የሐኪሟን መምጣት ሰምታ ዳኛ ሆና ቆማለች። «ውጊው» አሏት ሐኪሟን። እሳቸው ፊታቸውን ስላዞሩ የውሻውን ራስ የያዘችው ከሳሿ ራሷ ሆነች።

መብረቅ ዐይኑን እንዳፈጠጠ ምላሱን ጥሎ ተዘረጋ።

«ገደልሽው እንዴ?» አለች አስካለማርያም፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እንዲህ ናት እሷ፤ ካስፈረደች በኋላ ታዝናለች።

«ዐይኑን አይጨፍንም፤ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ደረቱን ይዩት፣ ይተነፍሳል።»

ጥቂት ቆይቶ ተነሳና ከጠጅ ቤት እንደወጣ ሰው እየተንገዳገደ አጥሩን ተሳለመ። አስካለማርያም ሳቀች። ልጆቹ ከሄዱ ወዲህ በዚያ ግቢ ሳቅ የተሰማው ያን ቀን ነው።

ማታ ሰፈሩ ሁሉ ጆሮውን ጥሎ ጠበቀ፤ መብረቅ ትንፍሽ አላለም። ሕመሙ ሲመለስበት ዱሬቲ እየመጣች ትወጋዋለች። አስካለማርያም እንቅልፍ አገኘች፤ ፊቷ መለስ አለ፤ ለውሻው አጥንት ታመጣለት ጀመር። «ዝም ካለ ልጄ ደህና ነው» ትላለች።

«አስካለ፣ ዝም ያለው እኮ በመርፌ ነው።»

«አውቃለሁ። ራሱን የያዝኩት እኔ አይደለሁ? ቢሆንም ዝም ብሏል።»

ጋሽ ወልደሰንበት ወደ እንጨታቸው ተመለሱ። ተስፋ በምንም ይምጣ በምን፣ ከእናት እጅ አይነጠቅም ብለው ተዉት።

በዓመቱ ከመስቀል በኋላ የአምሐ መርዶ መጣ። መርዶ በማለዳ ነውና የዕድሩ ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋጋ በሯ ላይ ተሰበሰቡ፤ ጋሽ ወልደሰንበትንም ጎረቤት ነህ ብለው ከፊት አሰለፏቸው። አስካለማርያም በሩን ከፈተች፤ ሁሉንም አየች፤ ፈገግ አለች።

«ተሳስታችኋል። መብረቅ አላላዘነም። ጋሼ፣ ይንገሯቸው እንጂ።»

ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። እንባቸው ግን አልጠበቃቸውም፤ እሷም ያንን አይታ ደፍ ላይ ወደቀች።

ሐዘኑ እስኪወጣ ጋሽ ወልደሰንበት ዱሬቲን አልጠሯትም። ውሻዬን ለማዳን ብዬ ይህችን ሴት በባዶ ተስፋ አኖርኳት እያሉ ይብሰለሰሉ ነበር፤ አሁን ደግሞ በሐዘንተኛ ደጅ ለውሻ ሐኪም ማመላለስ ነውር መሰላቸው። መድኃኒቱ አለቀበትና አንድ አመሻሽ መብረቅ አላዘነ። ጋሽ ወልደሰንበት ሮጠው አፉን ያዙ፤ ወደ ቤት ሊጎትቱት ቢታገሉ አቃታቸው። የአስካለማርያም በር ተከፈተ። በቃ፣ ዛሬ መብረቅ ሞተ አሉ በልባቸው።

ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች መጥታ ፍቅፋቂው ላይ ተቀመጠች።

«ይልቀቁት፣ ጋሼ። አፉን አይያዙት።»

ለቀቁት። መብረቅ ሲያላዝን እሷም ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ አብራው አለቀሰች። ለቀስተኛ ፊት እንዲህ አላለቀሰችም። ደክሞት ዝም ሲል ዐይኑን በነጠላዋ ጠረገችለት።

«ሐኪሟን ለምን አላስጠሩለትም?»

«አንቺን ፈርቼ።»

«ያስጠሩለት። ለእሱስ መድኃኒት ተገኝቶለታል፤ ምን በወጣው ይሰቃያል?»

ጋሽ ወልደሰንበት በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ሳንሱሲ ወጡ።