ከነነፋሱ

ከወገል ጤና እስከ ጋሸና ካሜራ ያነገተ ሁሉ ሲቸግረው የሚደውለው ለእኔ ነበር። ሸጋው፣ ምስሉ ጠፍቶ ቀይ ብቻ ሆነብኝ ይሉኛል፤ ፋይሉን ከነበረበት አንስተህ ሌላ ቦታ ወስደኸዋል፣ የት እንዳለ ለፕሮግራሙ አሳየው እላለሁ። ቪዲዮው ተሠርቶ ሊያልቅ ሲል ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ላይ ይቆማል ይሉኛል፤ የኮምፒውተርህ ዲስክ ሞልቶ ነው፣ ሥራው ያለቀውን ደምስስ እላለሁ። የወገል ጤናው ደርበውማ ሠርግ በቀረጸ ቁጥር ሳይደውልልኝ አያድርም። የላሊበላዋ ስቱዲዮዬ ከአንድ የመስቀል መሸጫ ሱቅ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ብትሆንም፣ እኔ ራሴን ከሐኪም ነበር የምቆጥረው። የገዛ አባቱን ድምፅ የቀበረ ሐኪም ምን እንደሚባል እናንተ ንገሩኝ።

አባቴ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ናቸው። ዜማውን ትቼ ካሜራ ሳነግት ሦስት ዓመት ከሰላምታ በቀር ቃል አላወጡልኝም። በ2004 ገና ሲቃረብ ግን አስጠሩኝና፣ ጉልበቴ ደክሟል፣ ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነው፣ መጥተህ ቅረጸኝ አሉ። እርቅ መሆኑ ነው።

ከቤተ ማርያም በላይ ባለው አፋፍ ካህናቱ ተደርድረው ቤዛ ኩሉ ሲሉ፣ ሌሎቹ ከመቀበላቸው በፊት ብቻቸውን የሚያነሱት አባቴ ነበሩ። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ቀረጽኩ። ጥምጥማቸው፣ መቋሚያቸው፣ የከንፈራቸው እንቅስቃሴ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ። ድምፁ ግን ነፋስ ነበር። ነፋሱ ማይኩ ውስጥ ገብቶ ያጓራል፤ የአባቴ ዜማ ከሥሩ ከጎረቤት ቤት እንደሚመጣ ወሬ ይሰማል።

የበዓሉ እንግዶች ሳይበተኑ ሲዲውን ለመሸጥ ቸኩያለሁ። ነፋሱን ልቀንስ ብል አባቴም አብረው ይቀንሳሉ። አንድ ቀን ሞክሬ ሰለቸኝ። ታግሼ ብማር ኖሮ የሚጸዳ ነበር፤ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ሳውቀውም አንጀቴ ነው የተቃጠለው። የአባቴ ተማሪ የነበረውን ድምፀ መልካሙን ተክለ ሚካኤልን ጠራሁና፣ በር ዘግቼ ያንኑ ዜማ አስዜምኩት፤ ከዚያ ድምፁን አባቴ ከንፈር ላይ አስማማሁት። ተማሪና መምህር ስለሆኑ የሚተነፍሱበት ቦታ እንኳ አንድ ነበር።

ነገር በዓይን ይገባል ይባላል። የአባቴን ከንፈር ያየ ሁሉ የአባቴን ድምፅ የሰማ መሰለው፤ ሲዲውም ተወደደ። አንድ ቀን አባቴ ራሳቸው ስቱዲዮ መጥተው እስከ መጨረሻው አዩት። ሲያልቅ መቋሚያቸውን አነሱና በሩ ላይ ቆም ብለው፣

«ተክለ ሚካኤል ጎብዟል» አሉ።

እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ያን ሰሞን ዲስኬ ሞልቶ ስለነበር፣ ለሰው የምመክረውን ለራሴ መከርኩና የነፋሱን ቀረጻ ደመሰስኩት።

አባቴ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። እናቴ አመተ ጊዮርጊስ ዓይኗ ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ባሏን የምታውቃቸው በድምፃቸው ነበር። ካረፉ ጀምሮ የለመነችኝ አንድ ነገር ነው፤ ያን የገና ዕለት የቀረጽከውን አሰማኝ ትለኛለች። ቤታችን ቴሌቪዥን ስለሌለ ሰምታው አታውቅም። ነገ ዛሬ እያልኩ አርባቸው ደረሰ። እውነቱን ልናገር፤ ሕዝቡን ሁሉ ያታለለ እሷንም ያታልልልኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

በአርባቸው ቴሌቪዥን ተውሼ ድንኳኑ ውስጥ አቆምኩ። አባቴ አፋፉ ላይ ብቅ ሲሉ ሰው ሁሉ አለቀሰ። እናቴ ብቻ አንገቷን አዘንብላ ትሰማለች። ትንሽ ቆይታ እጇን አነሳች፤ ለቅሶው ጸጥ አለ።

«ይሄ ተክለ ሚካኤል ነው» አለች። «መሪጌታ መቼ ነው የሚያዜሙት?»

ተክለ ሚካኤል ከካህናቱ መሃል ተቀምጦ ነበር። አንገቱን ደፋ። እኔም ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ።

በማግስቱ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እንግዲያው የነፋሱን አምጣልኝ አለች። ቦታ ስለያዘብኝ ደመሰስኩት አልኳት።

«የመሪጌታ ድምፅ ስንት ቦታ ይይዛል፣ ሆዴ?»

ነፋስ ብቻ ነው እኮ፣ ብትሰሚውም አይለይልሽም ነበር ብዬ ተከራከርኩ። ለምን እንደተከራከርኩ አላውቅም።

«አርባ ዓመት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከአቀበቱ ላይ ይጣሩ ነበር» አለች። «አንድም ቀን ያለ ነፋስ ሰምቻቸው አላውቅም። ከነነፋሱ ይበቃኝ ነበር።»

ቀረጻው የነበረበትን የኮምፒውተሬን ዲስክ ይዤ ደሴ ወረድኩ። የጠፋ ፋይል ያወጣል የተባለው ባለሙያ ሁለት ቀን ፈልጎ ያወጣልኝ የሰው ሠርግ ነው። በአባቴ ቀረጻ ቦታ ላይ ሠርግ ስጭንበት ነው የከረምኩት። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም፤ እሷም ምን አገኘህ ብላ አልጠየቀችኝም።

ባለፈው እሑድ ከእሷ ጋር ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ደርበው ደወለ። አንድ አዛውንት የልጃቸውን ሠርግ ሲመርቁ ቀርጾ፣ ምርቃቱን ነፋስ በልቶበታል። የአርባው ወሬ ደርሶት ኖሮ፣ ሌላ ሽማግሌ አስመርቄ ድምፁን ልለጥፍበት ወይ፣ አንተ ያኔ እንዳደረግከው ይለኛል። የስልኬ ድምፅ ወደ ውጭ ይሰማልና እናቴ ሁሉንም ሰማች።

«ከነነፋሱ ይተወው በለው» አለችኝ።

አልኩት። ጥሬውን ቀረጻ እንዳትነካ፣ ዲስክህ ቢሞላ ሌላ ግዛ፣ ምርቃቱን ከነነፋሱ ስጣቸው አልኩት። ደርበው ሳቀና እሺ አለኝ። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ አባቴ ተክለ ሚካኤል ጎብዟል ያሉኝ ቀን የሳቅሁት ነው።