የገብስማዋ ዘርና ሁለቱ አምፖሎች

እንቁላሎቹ አስራ ዘጠኝ ናቸው። ዛሬ አስራ ሰባተኛ ቀናቸው ነው።

ህዳር ላይ ፈንግል ገባና የሰፈሩን ዶሮ ጠራርጎ ወሰደ። ከእማሆይ አስካለ ማርያም ዶሮዎች አንዲት አልተረፈችም። እማሆይ የባሌ እናት ናቸው። የመሐል ሜዳን ውርጭ የምትችለውን ገብስማ ሰላሳ ዓመት እየመረጡ ዘሯን አቆይተዋል። የቀረው ጭድ ውስጥ ያስቀመጡት እንቁላል ብቻ ነው። እሱም ከተበላሸ ዘሩ አለቀ። የምትታቀፍ ዶሮ ደግሞ በሰፈሩ የለችም።

ካርቶን አመጣሁ። መቶ ዋት አምፖል፣ ባለ ክሩን የድሮውን፣ አንጠለጠልኩበት። ዙሪያውን የሱፍ ባና አለበስኩት።

"አምፖል ዶሮ ሆኖ ያውቃል?" አሉኝ እማሆይ።

"ይሞክራል።"

"አንቺንስ እንቁላል ላይ ቢያስቀምጡሽ በሦስተኛው ቀን ሰብረሽ ታይው ነበር።"

እውነታቸውን ነው።

እስከ ትናንት ሙቀቱ ሰላሳ ሰባት ተኩል ላይ ቆሞ ነበር። ዛሬ የገና እህል በዛና የጋሽ ትዕዛዙ ወፍጮ ከጠዋት ጀምሮ አልቆም አለ። ሞተሩ ኃይሉን ስለሚስበው መብራቱ ደከመ። አምፖሉ ፍም መሰለ። ቴርሞሜትሩ ሰላሳ አራት አለ። ሌላ ባና ደረብኩ፤ ሰላሳ አምስት። አይበቃም።

ጋሽ ትዕዛዙ ጋ ሄድኩ።

"ሞተሩን ትንሽ ረገብ ቢያደርጉት?"

"እንደ በሬ ቀስ በል ልበለው?" ዱቄት በዱቄት ሆነው ሳቁብኝ።

ወደ ባድሩ ሱቅ ሮጥኩ። ሽቦና አምፖል ይሸጣል። የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ ነጠቅኩና አንድ ባለ መቶ ዋት አምፖል ለካሁ። ሰላሳ ስድስት ኦም። ሁለት መቶ ሀያን ለሰላሳ ስድስት አካፈልኩ፤ ስድስት አምፔር። መልሼ በሁለት መቶ ሀያ አባዛሁ፤ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዋት።

"ባድሩ፣ ይሄማ ሽሮ ያበስላል።"

"ተኝቶ ነዋ የለካሽው! የተኛ ሰው ትንፋሽ ለክተሽ የሯጭ ነው ትያለሽ? እየነደደ ይለካል።"

"እንዴት?"

"ቮልቱን ያዢ፣ አምፔሩን ያዢ። ቮልቱን ለአምፔሩ ስታካፍይው ረዚስታንሱ ይወጣል፤ ስታባዢያቸው ዋቱ። ቆይ፣ አንቺ ከቸኮልሽ ትነጂያለሽ። እኔው ልምጣ።"

ቤታችን ገባና ቴስተሩን ሽቦው መሀል ላይ አስገባው፤ እንደ ኬላ፣ የሚያልፈውን እንዲቆጥር። ወፍጮው ያጓራል። መቶ ስልሳ ቮልት። ዜሮ ነጥብ ሰላሳ ስምንት አምፔር። ደብተሬ ላይ አሰላሁ፤ አራት መቶ ሀያ አንድ ኦም፣ ስልሳ አንድ ዋት።

ጋሽ ትዕዛዙ ለምሳ አቆሙ። አምፖሉ ቦግ አለ። ሁለት መቶ ሀያ። ዜሮ ነጥብ አርባ አምስት። አሰላሁ፤ አራት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ኦም፣ ዘጠና ዘጠኝ ዋት።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

ያቺ ከፀጉር የቀጠነች ክር። ተኝታ ሰላሳ ስድስት፣ ደክማ አራት መቶ ሀያ አንድ፣ ነድዳ አራት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ። በገፏት ቁጥር እልህ ይይዛታል። እና ጫጩቶቹን ያገኛቸው ብርድ እዚህ ደብተር ላይ ተጽፏል፤ ከዘጠና ዘጠኙ የጎደለው ሰላሳ ስምንት ዋት።

"የጎደለውን እንሙላው፤ ከሱቄ ባለ ስልሳ ዋት አምፖል ላምጣ።" አለ ባድሩ።

ወፍጮው ሲመለስ ባለ ስልሳውን አምፖል ጨመርን። በደከመው መብራት ሰላሳ ሰባት ዋት ሰጠ። ስልሳ አንድና ሰላሳ ሰባት፣ ዘጠና ስምንት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ቴርሞሜትሩ ሰላሳ ሰባት ተኩል ላይ ወጥቶ ቆመ። ልክ ቁጥሩ እንዳለው።

"ወፍጮው ሲቆምስ?" አለ ባድሩ።

ደመርኩት። መቶ ስልሳ ዋት ሊሆን ነው። ይቀቅላቸዋል።

ስለዚህ ወፍጮው ሲነሳ ትንሿን አምፖል ማሰር፣ ሲቆም መፍታት። ጆሮዬ ወፍጮው ላይ ተተከለ። የእማሆይ ጆሮ ደክሟል፤ ወፍጮውንም አይሰሙት። ካርቶኑንም አንድ ቀን ነክተውት አያውቁም።

በሀያኛው ቀን ቀበሌ ወረፋ ላይ ቆሜያለሁ፣ ወፍጮው በስምንት ሰዓት ዝም አለ። ሰዓቱ አይደለም። ቀበቶው ተበጥሷል አሉ። ወረፋውን ትቼ በረርኩ። ዳገቱን ስወጣ ማሰብ የቻልኩት መቶ ስልሳ፣ መቶ ስልሳ፣ ብቻ ነው።

በሩን በረገድኩት። ትንሿ አምፖል በነጠላ ጫፍ ተጠቅልላ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ቴርሞሜትሩ ሰላሳ ስምንት። እማሆይ ካርቶኑ አጠገብ ተንበርክከው እንቁላል በዐይናቸው ቆብ ላይ አስደግፈዋል።

"እርስዎ ነዎት የፈቱት?" ጮህኩ፣ እንዲሰሙኝ።

"ሌላ ማን አለ? ዐይኔ ላይ ባደርገው ፈጀኝ። ዶሮም ሲሞቃት ብድግ ትላለች።"

"ትንሿን መፍታት እንዳለብዎት ማን ነገረዎት?"

"ሦስት ቀን ስታስሪ ስትፈቺ አላይም? ጆሮ እንጂ ዐይን አላጣሁ።" ድንገት እጃቸውን አነሱ። "ዝም በይ።"

"ምን ሆኑ?"

"ነካኝ።"

"ማን?"

እንቁላሉን ከዐይናቸው አንስተው ጆሮዬ ላይ አደረጉት። ከውስጥ አንኳኳ። ቀጥሎ ጺው ጺው አለ፤ ቀጭን፣ ሩቅ፣ ከተራራ ማዶ የሚጣራ ሰው ይመስል።

"ስብሐት ለአብ" አሉ እማሆይ። እንባቸው ወረደ።

ቁጭ አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምቸኩልበት ቦታ አልነበረም።

ወደ አመሻሹ ወፍጮው ተጠግኖ ማጓራት ጀመረ። ልነሳ ስል እማሆይ በእጃቸው ያዙኝ። ትልቋ አምፖል ስትደክም አይተዋል። ትንሿን ከነጠላው ፈተው እሳቸው አሰሯት።