የጋሼ ሽቦ ጥርሶች

ተማሪዎቹ ፊት ለፊት «መምህር» ይሉታል፤ ዞር ሲል ደግሞ «ጋሼ ሽቦ»። ጥፋቱ የራሱ ነው። በቴክኒክ ኮሌጁ ስለ ብረታ ብረት ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ከኮቱ ኪስ የማትጠፋ፣ ከኒኬልና ከቲታኒየም የተቀየጠች አንዲት ቀጭን ሽቦ አለችው። ሰው አገኘ ማለት ያወጣታል፣ ጣቱ ላይ ይጠመጥማታል፣ ይለቃታል። እሷም ምንም እንዳልደረሰባት ቀጥ ትላለች።

«አያችሁ? ሌላ ብረት እንዲህ ቢታጠፍ ጎብጦ ይቀር ነበር። የዚህች አተሞች ግን ሲጫኗቸው ተያይዘው ፈቀቅ ይላሉ፣ ሲለቋቸው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።»

ይህን ንግግር ሠርግ ላይ አድርጎታል። ለቅሶ ቤት ሊጀምረው ሲልም ሚስቱ ክንዱን ቆንጥጣ አስቁማዋለች።

እንግዲህ የአሥራ አራት ዓመት ልጁ የተደራረቡ ጥርሶቿን ሽቦ ስታሳስር ከሁሉም ይልቅ ደስ ያለው እሱ ነበር። ሽቦው ያው የእሱ ሽቦ ነዋ! በማግስቱ ግን ልጅቱ እራቷን ገፋ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች።

«አባዬ፣ በጣም ያመኛል።»

«ሊያምሽ አይችልም።»

«እንዴት አይችልም? ጥርሱ የኔ ነው!»

«አየሽ የኔ ልጅ፣ የሚያስጮኸው የድሮው ሽቦ ነበር። ይኼኛው ብዙም ታጠፈ ጥቂት፣ የሚገፋው በአንድ ዓይነት ለስላሳ ጉልበት ነው።» እስክሪብቶውን አወጣና ሶፍት ላይ መጀመሪያ ዳገት የሚወጣ፣ ከዚያ እንደ ሜዳ የሚዘረጋ፣ የሽቦውን ጉልበት የሚያሳይ መስመር ሣለላት። «ጥርስሽ ያለው እዚህ ሜዳው ላይ ነው።»

ልጅቱ ሥዕሉን ትኩር ብላ አየችው፤ ከዚያ እንባዋን ጠረገችበት።

«ያንተም ጥርስ እኮ ተቆላልፏል። የማያም ከሆነ ለምን አታሳስርም?»

ሚስቱ ሳቋን ልትደብቅ ወደ ጓዳ ገባች። እሱ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ዝም ብሎ እራቱን ቢበላ ማንም አይከሰውም ነበር። «አሳስራለሁ!» አለ እንጂ።

የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የእሱን ተማሪዎች ብታክል ነው። ወንበሩ ላይ ተንጋሎ፣ መብራቱ ዓይኑ ላይ እየበራ እንኳ ማስተማሩን አልተወም።

«ዶክተር፣ ይኼ ሽቦ ስንት ፐርሰንት ድረስ እንደሚለጠጥ ታውቂያለሽ?»

«መምህር፣ አፍዎን ይክፈቱ።»

«ከፍቻለሁ እኮ።»

«ለወሬ አይደለም፣ ለኔ።»

በማግስቱ ጠዋት ፊቱ በሙሉ በጉጠት የተያዘ መሰለው። ድዴን ያላላልኛል ብሎ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሁለት ብርጭቆ ትኩስ ሻይ ጠጣበትና ክፍል ገባ። የዕለቱ ትምህርት፣ እንዳጋጣሚ፣ ይኸው ሽቦ ነበር።

«የሚገፋው በለ... በለሽ... በለሽላሻ ጉልበት ነው» አለ፤ ምራቁ ፊት ለፊት የተቀመጠችው ተማሪ ደብተር ላይ አረፈ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«መምህር፣ ያማል እንዴ?» አለች ደብተሯን እየጠረገች።

«በፍጹም» ሊል አፉን ሲከፍት ዓይኑ እንባ አቀረረ። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው አሰናበታቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የማስተማር ሥራው እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው።

ቤት ገብቶ ሶፋው ላይ ተዘረረ። ሚስቱ የፈጨችለትን ድንች እንኳ በማንኪያ ጫፍ እየነካ ተወው። ልጁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አየችውና ከፍሪጅ አንድ ብርጭቆ ውሃ አመጣችለት።

«አትዋጠው፤ አፍህ ውስጥ ያዘው።»

ያዘው። ጉጠቱ ቀስ በቀስ ላላ። ውሃውን ዋጠና ቀና ብሎ አያት።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ትኩስ ስጠጣ ሲብስብኝ፣ ቀዝቃዛ ስጠጣ ሲቀለኝ አየሁ።»

ጋሼ ሽቦ ፊቱ በእፍረት ጋለ። ያ ሽቦ ሲሞቅ እንደሚጠነክር፣ ሲቀዘቅዝ እንደሚለሰልስ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ፈተና ላይ ያወጣዋል። የሳቱትን በቀይ እስክሪብቶ «አላጠናህም!» ይላቸዋል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ራሱ ሁለት ብርጭቆ ሻይ! ምክንያቱን ሊያስረዳት አፉን ከፈተ። ከዚያ ተወው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ የኔ ልጅ። በጣም ያማል።»

«ሜዳው ላይ ነህ ወይስ ገና ዳገቱን እየወጣህ?»

«ሜዳው ራሱ ነው የሚያመው» አላት፤ ሁለቱም ሊስቁ ሲሉ እኩል «ኦው!» ብለው አገጫቸውን ያዙ።

ልጅቱ በዓመት ከመንፈቅ ተፈታላት። የእሱ ጥርስ ግን ሊንቀሳቀስ አልወደደም። ሽቦው ሥራውን እየሠራ ነው፣ አጥንትዎ ነው የዘገየው፣ አለችው ሐኪሟ በትሕትና፤ ሌላ ስምንት ወር ጨመረችበት። አሁን በየወሩ በክሊኒኩ ማረፊያ ክፍል ዩኒፎርም ከለበሱ ልጆች መካከል ጉልበቱን አጥፎ ይቀመጣል። ሽቦውን ጥርስ ላይ የሚይዘው ላስቲክ የትኛው ቀለም ቢሆን እንደሚያምር ይመክሩታል፤ ባለፈው ሰማያዊ አስመርጠውታል። በቀደም አንዲት እናት አጠገቡ ተቀመጡና፣

«ልጅዎን እየጠበቁ ነው?» አሉት።

«አይ» አለ፣ ሰማያዊ ላስቲኩን ሁሉ በፈገግታ እያሳየ፤ «ተራዬን።»