ሁለተኛው መስመር

ኤልቪራ ሪኬልሜ ኮምፒውተሯን ዘግታ ወደ ምግብ አዳራሹ ወረደች። እላይ፣ ትንፋሽ በሚያሳጥረው የአታካማ ተራራ ላይ የተተከሉት አንቴናዎች ጠዋቱን ሙሉ የእሷን ጋላክሲ ሲያዩ ነበር ያረፈዱት። ያዩት ነገር ደግሞ ጉድ የሚያፈላ ነው።

ኤልቪራ ስሟ የተነሳው በዚህች ጋላክሲ ነው። ዓለም ገና አንድ ቢሊዮን ዓመት ሳይሞላት በአቧራ ተሸፍና ከዋክብትን እንደ ጉድ የምትወልድ ግዙፍ ጋላክሲ አገኘሁ ብላ አገር ምድሩን አዳርሳለች። በሰማይ ሩቅ ማለት ጥንት ማለት ነው፤ የርቀቷ ማስረጃ ደግሞ በብርሃኗ ውስጥ የታየ አንድ መስመር፣ የጋዝ አሻራ፣ ነበር። አንድ መስመር ብቻውን ግን ሩቅ ካለ ካርቦን ወይም በጣም ቅርብ ካለ ሌላ ጋዝ ሊመጣ ይችላል፤ የሚለየው ሁለተኛው ሲገኝ ነው። አቧራም አታላይ ነው፤ ቅርቧን ቀይ አድርጎ ሩቅ ያስመስላታል። ይህን እዚያ ግቢ የማያውቅ የለም። ኤልቪራም አሳምራ ታውቃለች፤ ግን ጭብጨባው ጣማት።

የባሰው ግን ይህ አይደለም። ተመራማሪዎቹ በአንቴናዎቹ ለመጠቀም የሚያቀርቡትን ጥያቄ ስም ተደብቆ እርስ በርስ ይዳኙታል። አምና ከደረሷት ጥያቄዎች አንዱ ሁለተኛውን መስመር እዚያችው ጋላክሲ ላይ ልፈልግ የሚል ነበር። «ይህ እኔን ይነካል፣ ለሌላ ስጡት» ማለት ነበረባት። አላለችም። የመጨረሻውን ዝቅተኛ ነጥብ ሰጥታ፣ «ጠያቂው መጀመሪያ የመማሪያ መጽሐፍ ቢያነብ ይሻላል» ብላ ጻፈች። አሽሙሯ ደስ ብሏት ብቻዋን ስቃ ነበር። ዘንድሮ የጋላክሲዋን ጋዝ ላጥና ብላ አንቴናዎቹን ስታዞር፣ ሁለተኛው መስመር ያ ሰው ይገኛል ባለበት ቦታ ቁጭ ብሎ ጠበቃት።

የአንቴናዎቹ ተቆጣጣሪ ኒባልዶ ቾኬ እንደ ሁልጊዜው ከጎኗ ወንበር ይዞላታል።

«ምነው ዶክተርዬ፣ ፊትሽ እንደ ጨው ሜዳው ነጣ? ኦክስጅን ላስመጣልሽ?»

«ምሳህን ብላ።»

«እበላለሁ እንጂ፣ ይህን የመሰለ ባቄላ ለማን ልተወው? ይልቅ ጋላክሲሽ ምን አለች?»

«ቅርብ ናት» አለች ኤልቪራ ወደ ሳህኗ አቀርቅራ። «ሁለተኛው መስመር ተገኘ። ተሳስቻለሁ።»

ኒባልዶ ማንኪያውን አስቀመጠ። «አትይኝም! እኔ እኮ አምና ይህንኑ ልፈልግ ጠይቄ ነበር!»

«አንተ?»

«አዎ፣ እኔ። የአንቺን ጋላክሲ ልፈትሽ ነው ማለት አሳፍሮኝ ነው ያልነገርኩሽ። አንዱ ጉረኛ ሂድና የመማሪያ መጽሐፍ አንብብ ብሎ አባረረኝ። ታምኛለሽ? የአንደኛ ዓመት መጽሐፌን አውጥቼ አነበብኩ! ምናልባት ደንቁሬ ይሆናል አልኩና ምርምሩን እርግፍ አድርጌ ተውኩት። ይኸው ቁልፍ እጫናለሁ።»

እየሳቀ ነው የሚያወራው። ኤልቪራን ሀፍረት ከእግር እስከ ራሷ አቃጠላት። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ደንቡም የዳኛ ስም አይውጣ ይላል፤ ደንብ ሲፈልጉት እንዴት ጥሩ መደበቂያ ነው!

«ኒባልዶ፣ እኔ ነኝ።»

«አንቺ ምን?»

«ያንን የጻፍኩት።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ዳቦውን ቆረሰ፤ አልጎረሰውም።

«ሐሳቡ ደካማ መስሎሽ ነው?»

አዎ ማለት ትችል ነበር።

«አይደለም። ልክ ትሆናለህ ብዬ ፈርቼ ነው።»

«ደካማ መስሎሽ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«የጥናቴ ማረሚያ ሲወጣ ስምህን ከእኔ ስም አስቀድሜ...»

«ተይ። አምና ስሜን ሳታውቂ ጣልሽኝ፤ ዛሬ ስታውቂ ልታነሺኝ?»

ይቅርታ የሚለው ቃል ኤልቪራ አፍ ውስጥ ነበር፤ ግን ለራሷ እንኳ ርካሽ ሆነባት። ኒባልዶ ሳህኑን ይዞ ተነሳ።

«ምሳዎን ይጨርሱ፣ ዶክተር» አላት፣ ቁጣ በሌለበት፣ ለእንግዳ በሚሆን ድምፅ።

እዚያ ማዶ ጠረጴዛ ላይ የነበሩት ተጠጋግተው ቦታ ሰጡት። ምን ሆነህ ነው ሲሉት ሰማች። «ምንም» አለ። ኤልቪራ ሊናገርባት ይችል እንደነበር አውቃ፣ ከባቄላው ላይ ቀና ማለት አቃታት።