ስልኬ አይጠራም

ሽቦ ነው የሚሉት። ዕድሜውን ምሰሶ ላይ የጨረሰ የመደበኛ ስልክ ጠጋኝ ሌላ ምን ይባላል?

አሁን ግን ምሰሶው ራሱ ሊነቀል ነው። መሥሪያ ቤቱ አሮጌውን የመዳብ መስመር ዘግቶ ፋይበር ሊዘረጋ ተነሣ። ለአዲሱ ሥራ ወጣቶቹ ተመረጡ፤ ለሽቦ የቀረው መንቀል ነው። ሲተክል የኖረ ሰው እየነቀለ ጡረታ ይውጣ! ወይ ጊዜ!

የመጨረሻዋ ደንበኛ እትዬ ናቸው፤ ልጆቻቸው በየአገሩ የተበተኑባቸው ባልቴት። በየሳምንቱ «ስልኬ አይጠራም» ብለው ብልሽት ያስመዘግባሉ። ሽቦም ምሰሶው ላይ ይወጣና የመፈተሻ ስልኩን ሰክቶ ወደ ቤታቸው ይደውላል። ጠጋኝ ደወሉ መሥራቱን የሚያረጋግጠው እንዲህ ነው።

«ደህና ነው እትዬ፤ ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ ለምን አይጠራም?»

ምን ይበላቸው? የሚደውልልዎ ሰው የለም ይበላቸው? እሱ እዚያው እንደተንጠለጠለ እሳቸው ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ድመት ያወራሉ። ብቸኝነታቸው አንጀቱን ይበላዋል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ! እሱንስ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከበሩ ቁልፍ በቀር ማን ይጠብቀዋል?

ሊነቅል የሄደ ቀን እትዬ ስልኩን እንደ ሕፃን አቅፈው ቆዩት።

«ተውልኝ ልጄ፤ ድንገት ቢደውሉስ?»

«ትእዛዝ ነው እትዬ። ሞባይል ይግዙ።»

«በየት ዓይኔ አይቼ ልንካው?»

ሽቦ አፈረ፤ ግን ነቀለው።

ጡረታ ሲወጣ ባልደረቦቹ «እንደዋወላለን» አሉት። አፍ ዳገት አይፈራም! ሞባይሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሲያየው ይውላል፤ ጭጭ። አንድ ቀን ብድግ ብሎ ሰፈሩ ውስጥ ወዳለች ሞባይል ጠጋኝ ሄደ።

«ይሄ ነገር አይጠራም፤ እስቲ እዪልኝ።»

ሴትዮዋ በራሷ ስልክ ደወለችለት። ጠራ።

«ደህና ነው አባባ፤ ምንም አልሆነም።»

ሽቦ ክው አለ። የገዛ ቃሉ ነው። እዚያው ቆሞ በቃሉ የሚያውቀውን የእትዬን ቁጥር መታ። የተቀዳው ድምፅ ቁጥሩ አገልግሎት ላይ እንደሌለ ነገረው። እንዴት ይኑር፣ በገዛ እጁ ነቅሎት!

በእግሩ ሄዶ በራቸውን አንኳኳ።

«ማነው?»

«ጠጋኙ ነኝ እትዬ። ብልሽት አለ ተብሎ ነው።»

«ስልኩን ነቅለህ ወስደህ የምን ብልሽት?»

«የኔ ነው» አለ። «የኔም አይጠራም።»

በሩ ተከፈተ።