የአክስት ልብስ

ዓለም የሰው አለባበስ መናቅ የጀመረችው ገና ወንድ ተብላ በምትኖርበት ዘመን ነው። ያኔ ስሟ ዓለምብርሃን ነበር። አትላንታ አጠገብ ሎረንስቪል ባለ የካውንቲ መሥሪያ ቤት ለግብር የሚሆን የቤት ዋጋ ትገምት ነበር፤ ዛሬም ሥራዋ ይኸው ነው። በር ላይ ቆማ አንድ ጊዜ አየት ካደረገች ይኼ ቤት ጣሪያው ያፈሳል፣ ያኛው ደግሞ ለጎረቤት ዓይን ብቻ የተሠራ ነው ብላ ትናገራለች። ሰውንም የምታየው እንደዚያው ነው። ሆዱ ላይ ቁልፉ ሊበጠስ የደረሰ ሸሚዝ የለበሰ ወንድ፣ ለልጇ የገዛችውን ጅንስ ራሷ የታጠቀች እናት፣ ማንም ከዓይኗ አያመልጥም። ማንም አንጀቷን አይበላውም።

በሃምሳ አምስት ዓመቷ ከስሟ ላይ «ብርሃን»ን ቆርጣ ጣለችና ዓለም ሆነች። ግማሹ ስሟ ድሮም የሴት ነበር፤ ልብ ያለው ሰው አልነበረም እንጂ።

በመጀመሪያው ዓመት የለበሰችውን ዛሬ ስታስበው ግን ራሷንም አትምርም። ከጉልበት በላይ የቀረ የሚያብለጨልጭ ቀሚስ፣ እስከ ወገብ የሚወርድ ወርቃማ ዊግ፣ ስትራመድ እንደ ግመል የሚያወዛውዛት ባለ ረጅም ተረከዝ ሮዝ ጫማ። ኮረዳ ሳትሆን ሃምሳውን ያለፈች ሴት ናትና ያመለጣትን ሁሉ በአንድ በጋ ልልበሰው ብላ ተነሥታ ነበር። አንድ ቀን ሞል ውስጥ ሦስት ልጃገረዶች አይተዋት ሳቁ። ዓለም ዘወር ብላ ልታዋርዳቸው ምላሷን ስላ ሳለ አንደኛዋ ለጓደኞቿ፣ «እህቴ ልክ እንደ ሴትዮዋ ዓይነት ቀሚስ አላት፤ እህቴ ደግሞ ሚድል ስኩል ናት» አለች።

ዓለም መኪናዋ ውስጥ ገብታ ብዙ ቆየች። ልጆቹ ሴትነቷን አልተጠራጠሩም። ሴትዮዋ ነው ያሏት። የሳቁት በቀሚሱ ነው። በወንድነት መሳቅና በቀሚስ መሳቅ፣ ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንደሚያናድድ መወሰን አቃታት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ዶራቪል እየሄደች፣ ከትልቁ የገበያ አዳራሽ ፊት መኪናዋን ፓርክ አድርጋ፣ በእሷ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ሲገቡና ሲወጡ መመልከት ጀመረች። ልማር ብላ ነበር የሄደችው፤ ያገኘችው ግን የምትንቀውን ብቻ ነበር። ይቺ ከጂም ሳትታጠብ የመጣች ትመስላለች፣ ጂም ግን አልሄደችም። ይቺ የልጇን ለብሳለች። ያቺኛዋ የእናቷን። ይቺ ደግሞ የመጋረጃ ጨርቅ ተርፏት ለራሷ ያሰፋች ትመስላለች። ከብዙ ሳምንት በኋላ አንዲት ሽንኩርት የተሸከመች ሴት ወጣች። ከጉልበት ዝቅ ያለ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ፣ ከክርን ያለፈ እጅጌ፣ ትንሽ ተረከዝ ያለው ጫማ፣ ሽበቱ ያልተቀባ አጭር ጸጉር። አትቸኩልም። ማን አየኝ አትልም። ዓለም የምትንቅበት ነገር ፈልጋ አጣች። ቤቷ እንደገባች ዊጉን ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው።

ሚካኤላ የዓለም አንድ ልጇ ናት። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሚድታውን ውስጥ የአንድ ድርጅት ሠራተኞችን ሰውን በማንነቱ ስለ ማክበር ታሠለጥናለች። ቢሮዋ በር ላይ የቀስተ ደመና ባንዲራ ለጥፋለች። አንድ ምሽት ወደ ዓለም ቤት መጥታ፣ ኮቷን ሳታወልቅ የሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«የኡራኤል ቤተሰብ ሽማግሌ ሊልኩ ነው። ላይክ፣ ሪል ሽማግሌ።»

ኡራኤል የሚያገባት ልጅ ነው።

«ይምጡ» አለች ዓለም።

«ችግሩ፣ በጣም ኮንሰርቫቲቭ ናቸው። ኡራኤል ያውቃል፤ እናቱ ግን አታውቅም። ስለዚህ አንክል አምባዬ አንድ ነገር አስቦ ነበር።»

«አምባዬ ማሰብ ጀመረ?»

«ፕሊስ፣ ይስሙኝ።»

ይስሙኝ! ዓለም ይህን ቃል በሰማች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች። አሜሪካ ያደገች ልጅ ናት፤ በሕይወቷ ቄሱን እንኳ «እርስዎ» ብላ አታውቅም። አባቷን «አንተ» እያለች አድጋ፣ «አንቺ» የማለት ተራ ሲመጣባት ድንገት ጨዋ ሆነች። «እርስዎ» ወንድም ሴትም አይደለም፤ ከጀርባው መደበቅ ይቻላል። ሥልጠናዋ ላይ ይህን ታስተምር እንደሆነ ዓለም አንድ ቀን ልትጠይቃት ታስባለች።

ዕቅዱ እንዲህ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሊቶኒያ ወደ አምባዬ ቤት ይመጣሉ። አምባዬ የዓለም ታናሽ ወንድም ነው፤ የልጅቷ አጎት ነኝ ብሎ ይቀበላቸዋል። አባቷ ሞቷል ይባላል። ዓለም ደግሞ የአባቷ እህት ናት።

«መቼ ነው የሞትኩት?» አለች ዓለም።

«ኮቪድ ጊዜ ብንል... ቢሊቨብል ነው።»

ዓለም ሳቀች። ልጅቷ ግን ማልቀስ ጀመረች፤ ዓለም ደግሞ ከዚህ ልጅ እንባ ፊት ምላሷ ይታሰራል። እናትየዋ ኪዳነምሕረት ስትሞት ሚካኤላ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ዓለም ሹሩባ መሥራት የተማረችው ያኔ ነው፤ ልጅቷን ጉልበቷ መሀል አስቀምጣ ጸጉሯን የምትጎነጉንባቸው የእሑድ ጠዋቶች፣ በዚያ ባልኖረችው ሕይወት ውስጥ የኖረቻቸው ብቸኛ ሰዓቶች ነበሩ። ስለዚህ እሺ አለች። እሺ ስትልም ራሷን ናቀች።

ሚካኤላ ከመሄዷ በፊት ከቦርሳዋ ልብስ አወጣች። ሰፊ፣ ግራጫ፣ ወገብም ቅርጽም የሌለው፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ነገር።

«ኤጅ አፕሮፕሪየት ነው፣ ለዕድሜዎ የሚሆን። ማንም ኖቲስ አያደርግም።»

ዓለም ጨርቁን በሁለት ጣቷ አነሣችው። «ይኼ ለሟቹ ነው ወይስ ለእህቱ?»

የሽምግልናው ዕለት ዓለም ሊቶኒያ የደረሰችው ራሷ የመረጠችውን ለብሳ ነው፦ ከጉልበት ዝቅ ያለ የወይን ጠጅ ቀለም ቀሚስ፣ ከክርን ያለፈ እጅጌ፣ ትንንሽ የዕንቁ ጉትቻ፣ ሽበቱ የታየ አጭር ጸጉር። ሰፊ ትከሻዋን ለመደበቅ አልደከመችም። አምባዬ በሩን ከፍቶ ከእግር እስከ ራሷ አያት። ቤቱ በረንዳው ላይ እንደ ባንክ ዓምድ የቆመበት ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ የፕላስቲክ አበባ ከሰው ይበዛል።

«ይኼ ነው አክስት?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትንሽ ሐዘን የለበትም?»

«ወንድሜን ብዙም አልወደውም ነበር» አለችና አልፋው ገባች።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ዋናው አቶ መክብብ፣ ግዙፍ፣ ክራባቱ ከሆዱ በላይ የቆመ ሰው። ሁለተኛው አቶ ፍስሐ፣ ቀጭንና ዝምተኛ። ሦስተኛው ሰላም ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ከምግቡ በቀር ማንንም አላየም። ዓለም አቶ መክብብን ገና ሲገባ ለየችው። ዱሮ በዲቪ የመጡ ሰሞን፣ ዳውንታውን አንድ ሆቴል በር ላይ አብረው የእንግዳ መኪና ያቆሙ ነበር፤ ለሁለት ወር ያህል። በነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ ዓለም ከእሱ አፍ አንድ እውነት የሰማችበት ቀን ትዝ አይላትም።

አቶ መክብብ ግን አላወቃትም። እጇን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ቁርጥ ወንድምዎን ይመስላሉ!» አለ።

«ይሉኛል።»

ተበላ፣ ተጠጣ። አቶ መክብብ ጉሮሮውን ጠረገና ተነሣ። የመጡበትን ጉዳይ ከመናገራቸው በፊት ሟቹን ማንሣት ይገባል አለ። «እኔና ዓለምብርሃን እንደ ወንድማማች ነበርን። አንድ ገበታ በልተናል። ምን ዓይነት ወንድ ነበር! ወንድ ማለት እሱ!»

ሚካኤላ ምንጣፉን ታያለች። ዓለም ውኃ ጎንጨት አለች።

«ቀብሩ ላይ ማን ነበር ከፊት? እኔ። ያ ሁሉ ዝናብ እየወረደ፣ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። አቶ አምባዬ ያስታውሳሉ።»

ዓለም ወንድሟን አየችው። የሆነ ነገር ይል እንደሆነ፣ ቢያንስ ያፍር እንደሆነ ጠበቀች። አምባዬ በክብር ራሱን ነቀነቀ።

«እንዴታ! ውለታዎ አይረሳም።»

እስከዚያ ሰዓት ዓለም የተናደደች አልነበረችም። ሞቼ ልቀመጥ፣ ለልጄ ብዬ ነው ስትል ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን መግደላቸው ሳያንስ ተሸክመዋት ሄደው በውለታ እየተመሰጋገኑ ነው። ንቀት ከእግሯ ጀምሮ ሽቅብ ሲወጣ ተሰማት፤ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«አቶ መክብብ፣ የት ነው የተቀበርኩት?»

«ማን?»

«እኔ።»

«አልገባኝም፣ እቴጌ።»

«ዓለምብርሃን እኔ ነኝ። ሆቴሉ በር ላይ የሰው መኪና ከግንብ ጋር አጋጭተው ‹ዓለምብርሃን ነው› ያሉብኝ እርስዎ ነዎት። አሁን ስሜ ዓለም ነው፤ ሴት ነኝ፤ ልጅቷን የወለድኳትም ያሳደግኳትም እኔው ነኝ። አልሞትኩም። ሳጥኑን ከተሸከሙት ግን መቃብሩን ማወቅ አለብዎት። የት ነው?»

አምባዬ ላቡን በናፕኪን ይጠርጋል። ሚካኤላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ይኼ... ይኼ ነውር ነው!» አለ አቶ መክብብ። «እግዚአብሔርን የማይፈራ ቤት!»

«የትኛው ነው ነውሩ? የእኔ መኖር ነው ወይስ የእርስዎ መቅበር?»

ሰውየው ኮቱን አንሥቶ ወጣ፤ የበሩ ድምፅ የፕላስቲክ አበቦቹን አነቃነቀ። ያን ጊዜ አቶ ፍስሐ የሚባለው ቀጭኑ ሰው መሳቅ ጀመረ። መነጽሩን አውልቆ እንባውን እስኪጠርግ ሳቀ። ሦስተኛው ሽማግሌ ቁራሹን አጥቅሶ ጎረሰ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ አቶ ፍስሐ። «ነገሩ ገብቶኛል ብዬ አልዋሽም፤ አልገባኝም። ምናልባት አይገባኝም። ግን የመጣነው ልጅ ለመጠየቅ ነው። ማንን ነው የምንጠይቀው?»

«እኔን።»

«ታዲያ ይሰጡናል?»

ዓለም ወደ ሚካኤላ ዞረች። «ልጄ ያለ ሽማግሌ የገደለችኝ ሴት ናት። ራሷን ለመስጠትም ሽማግሌ አያስፈልጋትም። እሷን ጠይቋት።»

ሚካኤላ ተነሥታ ወጣችና የዓለም መኪና ውስጥ ገባች።

ወደ ሎረንስቪል የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው።

«ዩ ኤምባረስድ ሚ» አለች ሚካኤላ።

«እኔ አሳፈርኩሽ? በሕይወት በመገኘቴ?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ሳጥን ውስጥ አስገብተሽ ያንን ውሸታም አሸከምሽኝ። በር ላይ ባንዲራ ትለጥፊያለሽ፣ ለሰው ሁሉ ስለ ክብር ትሰብኪያለሽ፣ ለእኔ ሲሆን ግን ኮቪድ ይበቃታል አልሽ። አምባዬን ድሮም ስለማውቀው እሱን ንቄ እተኛለሁ። አንቺን መናቅ ግን አልለመድኩም፤ ያመኛል።»

ሚካኤላ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ዓለም አላባበለቻትም። መውጫው ጋ ሲደርሱ ልጅቷ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ «ፈርቼ ነው» አለች። ደግሞም፣ «ቀሚስሽ ግን ያምራል። የእኔ ግራጫው ቴሪብል ነበር።»

ቀሚስሽ። ዓለም ሰማች። ፊቷን ወደ መንገዱ እንዳደረገች፣ «ድንኳን ነበር» አለች።

ወሬው አትላንታን ለማዳረስ ብዙ አልፈጀበትም። የኡራኤል እናት ወይዘሮ ሸዋነሽ እግሬን ወደዚያ ሰርግ አላነሣም አለች። ኡራኤል፣ እንግዲያው ፎቶውን እንልክልሻለን ብሎ መለሰላት፤ ዓለም ልጁን ከዚያን ቀን ጀምሮ ለመናቅ መሞከሯን ተወች። አምባዬ ይቅርታ ለመጠየቅ ደውሎ ነበር፤ በንግግሩ መሀል ግን ጥፋቱ ሁሉ የሚካኤላ ሆኖ ስላገኘችው ስልኩን ዘጋችበት።

ሰርጉ በበልግ ተደረገ፤ ትንሽ ሰርግ ነበር። ልጅቷን ወደ ውስጥ ይዛት የገባችው ዓለም ናት። አረንጓዴ ለብሳ ነበር፤ ጠቆር ያለ፣ የጽድ ቅጠል ዓይነት አረንጓዴ። ወይዘሮ ሸዋነሽ አላነሣም ያለችውን እግሯን አነሣች፤ ሽቅርቅር ብላ፣ ትከሻዋ የተራቆተና ከላይ እስከ ታች የሚያብለጨልጭ ጠባብ ቀሚስ ለብሳ መጣች። በተቀመጠች ቁጥር ታቃስታለች። እራት እስኪያልቅ ድረስ ዓለምን ሰላም አላለቻትም፤ ዓይኗን ግን ከላይዋ አላነሣችም። ኬኩ ሲቆረስ ወንበሯን አስጠጋች።

«እሱን ቀሚስ የት ነው ያሰፉት?» አለች ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየች።

ዓለም ሴትዮዋን ከላይ እስከ ታች ገመተቻት። ጣሪያው ያፈሳል። ለጎረቤት ዓይን ብቻ የተሠራ ነው። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ምላሽ ቸግሯትም አያውቅም። የሴትዮዋ ዚፕ ግን ከጀርባ በኩል ቆዳዋን ነክሶ እንዳቀላው አየች።

«ይምጡ፣ መታጠቢያ ቤት እንሂድና ዚፑን ትንሽ ልልቀቅልዎ» አለች። «ሻርፔን ይደርቡበታል። እንደዚህ ሆነው እስከ ጭፈራው አይደርሱም።»

ወይዘሮ ሸዋነሽ አንድ አፍታ አመነታች። ከዚያ ተነሥታ ተከተለቻት፤ አመሰግናለሁ ግን አላለችም።